ጋን ተሸካሚዋ

መርከበኞቹ ግድግዳውን «ሴትዮዋ» ይሉታል። ሌላ ምንም አይደለም፤ ከወደቡ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ የተሠራ የአንድ ተራ ቤት ግድግዳ ነው። መስኮት የለውም፤ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ኖራ ተቀብቶ ይኖራል። ከቤቱ በስተኋላ፣ ኮረብታው ራስ ላይ፣ የከተማው ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጋን ተቀምጧል። ከባሕር የሚመጣ የጀልባ መሪ ሁለቱን እያስተያየ ነው የሚገባው። ጋኑ ከግድግዳው ወደ ጎን ካፈነገጠ ጀልባውን እያረመ ይመጣል፤ ጋኑ ልክ በግድግዳው አናት ላይ ሲቀመጥለት «ሴትዮዋ ጋኗን ተሸከመች» ይልና ቀጥ ብሎ ይገባል። አባቶቻቸውም እንደዚሁ ነው የገቡት።

ከመስመሩ የወጣ ጀልባ የሚያገኘው አማትን ነው። አማት ከውሃ በታች የተኛ አለት ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያውቅ የለም፤ ምራት ሳትሆን አትቀርም። ዝም ብሎ ተቀምጦ የነካውን ጀልባ ሆድ ይቀድዳል። ማዕበል ሲያልፍበት ብቻ ትንሽ አረፋ ይተፋል።

ግድግዳውን በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ኖራ የምትቀባው የመንገደኞቹ ጀልባ መሪ ሚስት ናት፤ ሰፈሩ «ባለኖራዋ» ይላታል። ከእሷ በፊት ሥራው የባሏ እናት ነበር። አሁን አሮጊቷ ጉልበታቸው ስለደከመ በርጩማ ያስወጡና ከሥር ተቀምጠው፣ «እዚያ ጋ ዘለልሽ፣ እዚህ ጋ ሳሳ» እያሉ ያዛሉ። ባለኖራዋም መሰላሉ ላይ ሆና፣ «እማማ፣ ባሕር ውስጥ ያለው አማት ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አይናገርም» ትላቸዋለች። አሮጊቷ ይስቃሉ። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አንድ ጀልባ ነክሼ አላውቅም» ይላሉ።

በዚህ ሁሉ ሳቅ መሃል የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ድሮ፣ አሮጊቷ ልጃቸውን ያረገዙ ጊዜ፣ ዝናቡ ኖራውን አጥቦ ወስዶት ነበር። እሳቸው ሆዳቸው ገፍቶ መሰላል መውጣት አልቻሉም፤ ነገ ዛሬ ሲሉ ግድግዳው እንደጠቆረ ቀረ። ባልየው ማዶ ሆኖ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ሰማ። ጀልባውን አስነስቶ ሲበር መጣ፤ ሴትዮዋን ፈልጎ አጣት፤ ገምቶ ገባ። ልጁ ሲወለድ አባቱ አማት ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪዎቹ ሁሉ «ሴትዮዋ ካልታየች ማንም አይገባም» ተባብለው ተማማሉ። አሮጊቷም ግድግዳው ሳይነጣ አንድ ወቅት እንኳ እንዲያልፍ ፈቅደው አያውቁም። ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

መሬት የተንቀጠቀጠው ሰው ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራው ሊሰማራ ሲል ነው። የመንገደኞቹ ጀልባ ማልዶ ወደ ማዶ ሄዷል፤ ገበያ የወጣው፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደው፣ የሰፈሩ እኩሌታ ተሳፍሮበታል። ባለኖራዋ ሰሃን እያጠበች ነበር። መጀመሪያ ከወለሉ ሥር አንድ ከባድ ነገር የተጎተተ መሰላት። ወዲያው መደርደሪያው ያለውን ሰሃን ሁሉ ወረወረባት። አማቷን ብብታቸው ሥር ገብታ ወደ ውጭ ስትጎትታቸው ወለሉ ከእግሯ ሥር ይሸሻት ነበር። ቤቱ ጮኸ፤ ግን አልወደቀም።

ያገኙትን ይዘው እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ወጡ። ባሕሩ ሲመጣ ከዚያ ሆነው አዩት። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ መጣና የወደቡን ደረጃ ሸፈነ፤ የዓሣ ጀልባዎቹን እርስ በርሳቸው አጋጭቶ አንዳንዱን አስፋልቱ ላይ ሰብሮ አስቀመጠ፣ አንዳንዱን ይዞት ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። ሰዉ ባሕሩ እስኪመለስ ጠበቀ። ተመለሰም፤ ግን የመጣውን ያህል አልተመለሰም። ወደብ ዳር ባለው መንገድ ላይ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ቀረ፤ እየቆየ ሲሄድ ሁሉም ገባው። ባሕሩ አይደለም ከፍ ያለው፤ መሬቱ ነው ዝቅ ያለው። ወደቡ አፍ አጠገብ የነበረችው፣ ወፎች የሚያድሩባት፣ ለመሪዎቹም ምልክት የሆነች ትንሽ ደሴትም የለችም። ወፎቹ የነበረችበትን ቦታ እየዞሩ ይጮኻሉ፤ የሚያርፉበት አጡ። ከኮረብታው ጀርባ ደግሞ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ በደረቅ መሬት ይፈራገጣል አሉ። አንዱን ጎን ተጭኖ ሌላውን ጎን የሚያነሳ እንዲህ ያለ ጉድ ማንም አይቶ አያውቅም።

ስልክ ሞቷል። የወደቡ ቢሮ ከነሬድዮው ፈርሷል። ወደ ባሕር ወጥቶ የሚያስጠነቅቅ ሰው ቢገኝ እንኳ የሚቀዝፈው ጀልባ የለም። ባሕር ላይ ያለ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡን አያውቀውም፤ ጥልቁ ላይ ማዕበሉ ከሥሩ ሲያልፍ ጀልባው ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ነው። ማዶ ሲደርስ ወሬውን ቢሰማም ቤተሰቡ እዚህ ነውና ይብሱን ይቸኩላል።

አሮጊቷ ወደ ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው። ተሰንጥቋል፤ ኖራው እየተቀረፈ ወድቆ በምትኩ ጭቃ ተረጭቶበታል።

«ልጄ፣ ይነጣ» አሉ።

«እማማ፣ ቤቱ ይውደቅብን አይውደቅብን ገና ሳናውቅ?»

«ማምሻውን ይመጣል። ደሴቲቱም የለችለትም፤ ያለችው ሴትዮዋ ብቻ ናት። ይነጣ።»

እውነታቸውን ነው። የተረፈውን ኖራ በጠበጠችና መሰላሉን አቆመች። መሬቱ አሁንም አሁንም ይንዘፈዘፋል፤ ያን ጊዜ መሰላሉን አቅፋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ጎረቤታቸው ጀልባ ሠሪው መጥቶ ስንጥቁን ደፈነላት። በብሩሹ ባሏን የምትጠራው ይመስላት ነበር፤ ድካሙም አልተሰማትም። ከቀትር በኋላ ግድግዳው ከመቼውም የበለጠ ነጥቶ ቆመ። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ መረቃት። ልጇ ጀልባው ላይ ያለች አንዲት ጎረቤት እጇን ይዛ ሳመቻት። ዛሬም ድረስ ውስጧን የሚያቃጥላት ያ ምርቃት ነው።

እጇን ልትታጠብ ወደ ጓዳ ገባች። የጓዳው መስኮት በስተኋላ ነው። ሰሃን ባጠበች ቁጥር ቀና ስትል በመስኮቱ መሃል ጋኑን ታያለች፤ ለዓመታት ያየችው ነገር ስለሆነ እንደምታየውም አታውቀውም። አሁን ቀና አለች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ድንጋይና ሰማይ ብቻ ነው። አንገቷን አስግጋ ስትፈልገው ጋኑን ጥግ ላይ፣ በመስኮቱ ጠርዝ እኩሌታው ተቆርጦ አገኘችው።

«ጋኑ ተንሸራቷል» አለች ለራሷ። እጇን ሳትታጠብ ወጣች።

የጋኑ ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስትመጣ አዩዋት።

«ጋሼ፣ ጋኑ ወዴት ነው የሄደው?»

«የት ይሄዳል? አለት ላይ ነው እኮ የተተከለው። ቧንቧው እንኳ አልጎበጠም። ይልቅ እናንተ ወዴት እየሄዳችሁ ነው?» አሉና በከዘራቸው ቁልቁል አሳዩዋት።

ዞራ አየች። ከኮረብታው ወገብ በታች መሬቱ በረጅሙ ተቀድዷል። ከሰፈሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣው መንገድ ቅዳዱ ላይ ሲደርስ ይቋረጥና የታችኛው ቁራጭ ከላይኛው የቤት ስፋት ያህል ወደ ጎን ሄዶ ቆሟል። አሁን ስትመጣ በዚያው ላይ ዘላ አልፋለች፤ ልብ አላለችውም። ሰፈር እንዳለ ሲሄድ ሰው በምን ያውቃል? ጎረቤቷ ከነቤቱ አብሯት ሄዷል፤ የመብራቱ ምሰሶ፣ የጀልባ ሠሪው አጥር፣ የሱቁ በር፣ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሄደው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ጀርባዋን ለጋኑ ሰጥታ ቆመች። ከዚህ ሆኖ በቤቷ ጣሪያ ላይ አሻግሮ የሚያይ ሰው ድሮ የሚያየው የጠቆረውን ጥልቅ መግቢያ ነበር፤ መሪዎቹ የሚመጡበት መስመር እሱ ነው። አሁን በጣሪያዋ ላይ አሻግራ ስታይ አረፋ አየች። ጠፋ። ማዕበል መጣና እንደገና እዚያው ላይ አረፋ ተተፋ። የአማት ቦታ ነው፤ ያንን አረፋ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ጋኑም አለቱም ያሉበት ናቸው፤ መሃላቸው ያለችው ሴትዮዋ ናት የሸሸችው። ባሏ ጋኑን አናቷ ላይ እስኪያስቀምጥ ጀልባውን እያረመ ይመጣል፤ ልክ የሆነለት ጊዜ አማት ላይ ነው።

ከአማት ባሻገር፣ ሩቅ፣ ውሃው ላይ አንዲት ነጥብ ታየች።

ተቀምጣ ማልቀስ ነበር ያማራት። «በገዛ እጄ» አለች፤ ጠባቂው ምን እንዳለች ሳይሰሙ ቁልቁል ሮጠች።

ደጃፉ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጀልባውን ይጠብቃል። ነገረቻቸው። መጀመሪያ ያመናት የለም፤ ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ይናገር ጀመር። አንዱ ልብስ እናውለብልብ አለ፤ ከዚያ ርቀት ሰው የሚያክል ነገር እንደማይታይ ሌላው ነገረው፤ ቢታይም እንኳን ደህና መጣችሁ የተባለ ይመስላቸዋል። አንዱ እሳት አንድደን እናጪስ አለ፤ የፈረሱት ቤቶች ከጠዋት ጀምሮ ይጨሳሉ። ከባሕር የሚታየው ግድግዳው ብቻ ነው።

«እናጥቁረው» አለች ባለኖራዋ። «ካላያት አይገባም። እውጭ መልሕቁን ጥሎ ያድራል። ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል።»

ጀልባ ሠሪው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «ሬንጅ እንደሁ በርሜል ሙሉ አለኝ» አለ። «የምቀባው ጀልባ ነው ያልቀረኝ።» ሄዶ እያንከባለለ አመጣው፤ ሰዎች እሳት ለኩሰው አቀለጡት።

ያን ጊዜ አሮጊቷ በርጩማቸውን አንስተው ግድግዳው መሃል አስቀመጡና ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀመጡበት። ነጭ ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ አስተካከሉ።

«እማማ፣ ይነሱልኝ።»

«አልነሳም።»

«በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። መስመሩ አማት ላይ ነው የሚጥለው።»

«ዛሬ ባሕሩ ሁሉ አረፋ ነው። አንዱን አረፋ አይተሽ ነው ልጄን የምታሳውሪብኝ?» ድምፃቸው አልጨመረም። «አባቱ ሴትዮዋን አጥቶ ነው የሞተው። ያሳጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ልጁን?»

ይህን ከአፋቸው የሰማ ሰው አልነበረም። የሚፈላው ሬንጅ ይንተከተካል።

«እሱ ሕጉን ያውቃል እማማ። ምሎበታል።»

«ቤቴ ፈረሰ፣ እናቴና ሚስቴ አለቁ ያለ ሰው ምን ሕግ ያውቃል? አባቱን የገደለው የግድግዳው መጥቆር አይደለም፤ ለእኔ ሲል መቸኮሉ ነው። የቸኮለ ሰው ሕግ የለውም።»

ባለኖራዋ ዞራ ወደ ጀልባው አየች። ያሉት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ደጁን ሲያይ ግድግዳው ከሌለ ሞተውብኛል ነው የሚለው፤ ሞተውብኛል ካለ ምን እንደሚያደርግ እሷም፣ የወለዱት እናቱም አያውቁም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እሷም ያላት አንድ ባል ነው። ግድግዳውን እንደነጣ ብትተወው ይሞታል፤ ብታጠቁረው ሊሞት ይችላል። የተሰጣት ምርጫ ይኸው ብቻ ነበር።

ልጇ ጀልባው ላይ ያለችው ጎረቤት አላስቻላትም። «አንሷቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። ጀልባ ሠሪው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

«እጅህን እንዳታነሳባቸው» አለችው ባለኖራዋ። «ዙሪያቸውን እንቀባለን።»

ብሩሽ ያገኘ በብሩሽ፣ ያላገኘ መጥረጊያና ጨርቅ እየነከረ ሬንጁን ግድግዳው ላይ ለቀለቀ። ገና ያልደረቀው ኖራ እየተላጠ ከሬንጁ ጋር ይወርዳል። ጠዋት ብሩሽ እየጠቀሰች የዳበሰችውን እያንዳንዱን ቦታ ታውቀዋለች፤ አሁን በዚያው እጇ ደፈነችው። ከአሮጊቷ አናት በላይ ግን የሚቀባ አልተገኘም፤ ትኩስ ሬንጅ ራሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከጣሪያው እስከ በርጩማው የበር ስፋት ያህል ቦታ እንደነጣ ቀረ፤ እሳቸውም ከሥሩ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«ይህችን ታህል ከሩቅ አትታይም» አለ ጀልባ ሠሪው። ራሱን ማጽናናቱ ነው።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ወደቀች። ጀልባው አሁን ቀርቧል፤ ቅርጹ ይለያል። የሞተሩ ድምፅ በጸጥታው ውስጥ ይሰማል። ደሴቲቱ በነበረችበት ቦታ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቀጥሎም ቆመ። ባሏ አሁን እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቤቱን እየፈለገ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ የጀልባው አፍንጫ ቀስ እያለ መዞር ጀመረ። ትንሽ ወደዚህ አለ፤ መለስ አለ፤ እንደገና ትንሽ።

እያረመ ነው።

ባለኖራዋ መንገዱ ላይ የተኛው ውሃ ውስጥ እየተንቦራጨቀች ገባችና ከዚያ ሆና ወደ ቤቷ ዞረች። እሱ የሚያየውን አየች። በጥቁሩ ግድግዳ መሃል አንዲት ቀጥ ያለች ነጭ መስመር ፀሐይ አርፋባት ታበራለች። ሴትዮዋ ከሳች እንጂ አልጠፋችም፤ እንዲያውም ቅጥነቷ ለማነጣጠር ይበልጥ ትመቻለች። ዳር ዳሩን ሸፍነው መሃሉን አሳምረው ሰጥተውታል።

እየሮጠች ተመለሰችና አማቷ ፊት ተንበረከከች። የእርጥብ ቀሚሷ ውሃ እግራቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«እማማ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው።»

የአሮጊቷ ዓይን ደክሟል፤ ጀልባው አይታያቸውም። ሞተሩን ግን ያውቁታል፤ ልጃቸው ወደ ቤት ሲገባ ያን ድምፅ ስንት ዘመን አዳምጠዋል። መስመሩን እስኪይዝ ቀስ ይላል፤ ጋኑ ራሷ ላይ ሲቀመጥለት ሞተሩን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ እሳቸውም «ያዛት» ይላሉ።

የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ።

አሮጊቷ ምራታቸውን አዩዋት፤ በሬንጅ የጨቀየ ፊቷን፣ በኖራ የነጣ የጥፍሯን ሥር። ከዚያ ተነሡ። በርጩማውን በእግራቸው ገፉት። በቅርብ ብሩሽ አልነበረም፤ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ገፈፉና ሬንጁ ውስጥ ነክረው፣ እጄን አቃጠለኝ ሳይሉ፣ ጀርባቸው ሲጠብቀው የዋለውን ቦታ ያሹት ጀመር። ባለኖራዋ መሰላሉን አስደግፋ ወጣች። እሷ ከላይ፣ እሳቸው ከታች። ሬንጁ ከብሩሿ እየወረደ ሽበታቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ «እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ» ስትላቸው «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እዚያ ጋ ዘለልሽ» አሏት። መሃል ላይ እጃቸው ሊገናኝ ሲል የመጨረሻዋ ነጭ ጠፋች።

ሞተሩ ለአፍታ በዚያው ድምፅ ቀጠለ። ለባለኖራዋ ያች አፍታ አላልቅ አለቻት፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ ማዞር አቅቷት የጠቆረውን ግድግዳ ትኩር ብላ አየች። ድምፁ ወረደ። ተንተባተበና ጠፋ።

«ዞሯል» አለ ጀልባ ሠሪው ከኋላ። «ጎኑን ሰጠ። ወደ ውጭ እየወጣ ነው... መልሕቅ ጣለ።»

ሰዎች እርስ በርስ ተቃቀፉ። ጎረቤቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። አማት ከጀልባው ፊት አረፋውን ተፋና ዝም አለ።

ቀጥሎ የጀልባው ጥሩምባ ተነፋ። ሁልጊዜ ሲገባ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ይነፋል፤ መጣሁ ማለቱ ነው። የአሁኑ አጭር አልነበረም። ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተቆረጠ። ትንሽ ጠበቀ፤ መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። እንደገና ነፋው። ከዚህ በኩል የሚመልስለት ነገር አልነበረም፤ ጩኸታቸው አይደርሰው፣ ቤታቸው አይታየው።

«እያለቀሰ ነው» አሉ አሮጊቷ።

ባለኖራዋ ከመሰላሉ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። የተቃጠለ እጃቸውን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እንባዋ ቢመጣም መጥረጊያ ንጹሕ እጅ አልነበራትም።

«ያልቅስ፣ እማማ» አለች። «የሚያለቅስ እኮ በሕይወት ያለ ነው።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደማያዩት ባሕር አዙረው ያዳምጡ ነበር። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ምራታቸው እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «አለሁ» ይላሉ።